ደብረ ማርቆስ ላይ የሰነድ ዝግጅት ቢሮ፦ ዋጋው በገጽ ይሁን ወይስ በሥራ? ደንበኛስ እንዴት ይመጣል?

ጀማሪ ጠበቃ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የክልሉን የጥብቅና ፈቃድ ይዤ ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ክፍል ቢሮ ልከፍት ነው። ችሎት መቆሙን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌ ዋና ሥራዬን የሰነድ ዝግጅት ላደርገው አስቤአለሁ፤ የቤት ሽያጭ፣ ኪራይ፣ ብድር፣ ውክልና፣ ኑዛዜ፣ የእርቅ ስምምነት።

የተቸገርኩት በዋጋው ነው። ራፖር ጸሐፊዎቹ (ማመልከቻና ውል ለሰው የሚጽፉት) በገጽ ያስከፍላሉ። እኔም በገጽ ላስከፍል ወይስ ከሽያጩ ዋጋ በመቶኛ? ገበሬው «ለሁለት ገጽ ወረቀት ይህን ያህል?» ሲለኝ ምን ልመልስ? ሰሌዳዬ ላይስ «ኖተሪ» ብዬ ብጽፍ? ሰው ቶሎ የሚረዳው ስም ይመስለኛል። ደላላ ሳልይዝ ደንበኛ የማገኝበት መንገድ ካለም ንገሩኝ። መልሳችሁ ቁጥር ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ባለ ዶሴ

ከሰሌዳው ልጀምር። «ኖተሪ» ብለህ አትጻፍ፤ «ውልና ማስረጃ»ም አትበል። እኛ አገር ሰነድ አረጋግጦ መመዝገብ የመንግሥት ሥራ ነው። በፌደራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ይገዛዋል፤ በክልላችንም ሥልጣኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንጂ የግለሰብ አይደለም። ሰውየው ሰሌዳህን አይቶ፣ ቲተርህ (የስምህ ማኅተም) ያረፈበትን ወረቀት «ተመዝግቧል» ብሎ ሣጥኑ ውስጥ ከቆለፈው፣ ነገ ቤቱን ሲከራከሩበት የሚያለቅሰው በአንተ ነው። «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» በትልቁ፣ ከሥሩ «የውል፣ የውክልናና የኑዛዜ ሰነድ ዝግጅት» በትንሹ ጻፍ። ይበቃል።

ወደ ዋጋው። በገጽ አታስከፍል። ገጽ የሚቆጥር ሰው የሚሸጠው የጽሕፈት ጉልበት ነው፤ አንተ ግን የምትሸጠው ጥያቄ መጠየቅን፣ ማጣራትንና ኃላፊነትን ነው። ደግሞም በገጽ ስታስከፍል ነገር ባረዘምክ ቁጥር ትከብራለህ፣ አሳጥረህና አጥርተህ ስትጽፍ ትከስራለህ። ጥሩ ውል ደግሞ አጭር ነው።

ዋጋህን ከታች ወደ ላይ ሥራው። የምጽፋቸው ቁጥሮች ለስሌቱ ምሳሌ ናቸው፣ አንተ የራስህን አስገባ።

የወር ወጪ፦ የቢሮ ኪራይ 5,000፣ መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት 1,800፣ ወረቀት፣ ቀለምና ኮፒ 2,200፣ ለፈቃድ እድሳትና ለፕሪንተር ጥገና የሚቀመጥ 2,000። ድምሩ 11,000 ብር። ለራስህ በወር 25,000 ብር ትፈልጋለህ እንበል። ግብሩ የሚነሳው ከዚሁ ስለሆነ 25,000ውን ስትወስን ግብሩን አስበህ ይሁን፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሐምሌ ሲመጣ ግብሩን ከየት እንደሚያመጣ ይጨንቀዋል። በጠቅላላው 36,000 ብር።

አሁን ሰዓቱን ቁጠር። በወር 22 ቀን በቀን 8 ሰዓት ብትቀመጥ 176 ሰዓት ነው። ግን ሁሉም አይሸጥም። ሰው ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ይሄዳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ቀጠሮ ይቀራል። ግማሹን፣ ወደ 90 ሰዓት፣ የሚከፈልበት አድርገህ ውሰድ። 36,000 ለ90 ሲካፈል 400 ብር በሰዓት። ይህ መሠረትህ ነው፤ ከዚህ በታች የሠራኸው ሁሉ ከኪስህ የሚወጣ ነው።

ቀጥለህ እያንዳንዱን ሰነድ በደቂቃ በትነው። የቤት ሽያጭ ውል፦ ሁለቱን ወገን ማነጋገር 40፣ ካርታውን፣ መታወቂያዎቹንና የጋብቻ ሁኔታውን ማየት 30፣ መጻፍ 50፣ ጮክ ብሎ ማንበብና ማስረዳት 20፣ ማረም 20፣ ለማስመዝገብ አብሮ ሄዶ ተራ መጠበቅ 80። ድምሩ 240 ደቂቃ፣ አራት ሰዓት፣ 1,600 ብር። ራሳቸው ወስደው የሚያስመዘግቡ ከሆነ 80 ደቂቃው ይቀነስና 160 ደቂቃ፣ ወደ 1,100 ብር ይሆናል። እንግዲህ ለአንድ ውል ሁለት ዋጋ አለህ ማለት ነው፤ «ከነማስመዝገቢያው» እና «ያለማስመዝገቢያው»። ደንበኛው «ቀንስልኝ» ሲል ቅናሽ ከመስጠት ከሥራው ቀንስ። ዋጋ በባዶ የሚቀንስ ሰው መጀመሪያ የጠራው ዋጋ ውሸት እንደነበር ነው የሚመሰክረው።

ውክልና 60 ደቂቃ ቢፈጅ 400 ብር። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ 180 ደቂቃ ቢፈጅ 1,200፣ ገጠር ድረስ የምትሄድ ከሆነ ትራንስፖርቱና የመንገድ ሰዓቱ ለብቻው።

በመቶኛ ማስከፈሉን ለግለሰብ አልመክርህም። የሽያጩ ዋጋ ባደገ ቁጥር ክፍያህ የሚያድግ ከሆነ፣ ሽያጩ ችግር እንዳለበት ብታይ እንኳ «ይቅርባችሁ» ለማለት አፍህ ይያዛል።

እማኝ

ባለ ዶሴ ያሉት ስሌት ትክክል ነው፤ ግን ሰዓት ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ሰነዱ ሲበላሽ የሚያደርሰው ጉዳት ይታሰብ። ወንድሜ፣ ገበሬው «ለሁለት ገጽ?» ሲልህ የምትመልሰውም እሱን ነው። ስለዚህ የትኛው ሰነድ በምን እንደሚፈርስ ልዘርዝርልህ፤ ዋጋህን ስታስረዳም ይጠቅምሃል።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ (ሰነድ በሚያረጋግጠው ሹም) ፊት መመዝገብ አለበት። ይህን አለማድረጉ ስንቱን እንዳከራከረ ታውቃለህ፤ የፌደራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 የሰጠው ውሳኔ ራሱ የዚህ ጣጣ ውጤት ነው። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል ደግሞ በቁጥር 1727 መሠረት የተዋዋዮቹ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል።

ለጎጃም ገጠር ከሁሉ የሚከብደው ግን ቁጥር 1728 ነው። ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራው የሚገደደው አሻራው ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ ሬጅስትራር (መዝጋቢ ሹም) ወይም ዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ከማቻክል ወይም ከስናን የመጡ ሁለት አዛውንት ቢሮህ ውስጥ አሻራ አኑረው፣ ምስክር ፈርሞላቸው፣ አንተ ቲተርህን መትተህ ብትልካቸው፣ አሻራው ሲካድ ያ ወረቀት አይረዳቸውም። ስለዚህ ማንበብ ለማይችል ሰው «ያለማስመዝገቢያው» የሚባለውን ዋጋ ጨርሶ አትጥራ። አብረህ ሂድ፣ ዋጋው ውስጥ አስገባው፣ ምክንያቱንም በቃል አስረዳ፤ «አያ እገሌ፣ ይህ አሻራ እዚህ ቢሮ ሲነሳ ዋጋ የለውም፣ ሹሙ ፊት ሲነሳ ነው የሚጸናው» በላቸው። ሰው ሲገባው ይከፍላል።

ውክልና ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚመላለሰው ግን በሱ ነው። በቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ መታረቅ፣ ስጦታ መስጠት፣ መክሰስና ክስ መመለስ በ2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። «በጠቅላላው ወክዬዋለሁ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ቤት ሊሸጥ የሚሄድ ወኪል ይመለሳል። ወካዩ ውጭ አገር ካለ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ኤምባሲው ያረጋገጠው ውክልና ወደ አገር ቤት ከመጣ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም የፌደራሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። አንድ ግስ ብትጎድል ያ ሁሉ መንገድ ከመጀመሪያው ይደገማል። ለዚህ ነው ለውጭ አገር የሚላክ የውክልና ረቂቅ ከተራው ውክልና እጥፍ ቢያስከፍል የማይበዛበት፤ ሥራው አንድ ሰዓት ቢሆንም የስሕተቱ ዋጋ የወራት ነውና። እዚህ ላይ ንብረቱን በካርታ ቁጥር፣ በካሬ ሜትርና በአዋሳኝ ለይ፤ «መሸጥ፣ ዋጋ መቀበል፣ ስም ማዛወር፣ ግብር መክፈል» እያልክ ሥልጣኑን አንድ በአንድ ጥራ።

ኑዛዜ። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ ሰነዱ ላይ ካልሠፈረ ይፈርሳል (ቁጥር 881)። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «በተናዛዡና በአራታችን ፊት ተነቧል» የምትለዋን አንዲት መስመር መርሳት የአንድ ቤተሰብ ንብረት ያፈርሳል፤ ልጆቹን ዕድሜ ልካቸውን ያቃቅራል። ተናዛዡ በእጁ የጻፈው ከሆነ ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ካልገባ ይወድቃል፤ ቀኑን በማስታወሻህ ይዘህ ስድስተኛው ዓመት ላይ ደውልለት። ያቺ ጥሪ ራሷ አገልግሎት ናት፣ ደንበኛም ታመጣለች።

ብድር ከ500 ብር በላይ ከሆነ ያለ ጽሑፍ ማስረዳት አይቻልም፣ ካልታመነ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር። በግለሰቦች መካከል በውል የሚቆረጥ ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ ማለፍ አይችልም። «በወር ከመቶ አሥር አሥር ጻፍልን» ሲሉህ እንደማይቻል ንገራቸው፣ አልሰማ ካሉ ሥራውን ተወው።

ከቡሬ

እኔ በዋጋው ትንሽ እለያለሁ። ሰዓትን በ400 ብር አባዝቶ ዋጋ መጥራት ለተለመደ ቢሮ ነው። ጀማሪን ማን ያውቀዋል? መጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በግማሽ ዋጋ ሥራ፣ ስምህ ይውጣ፣ ከዚያ ጨምር። በርበሬ ነጋዴው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ መጀመሪያ ሚዛኑን ሞላ አድርጎ ደንበኛ ይይዛል።

ባለ ዶሴ

ከቡሬ ወንድሜ፣ ምሳሌህ እዚህ አይገባም። በርበሬ ገዢ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ቤት የሸጠ ሰው ሌላ ቤት ለመሸጥ መቼ ይመለሳል? የሰነድ ደንበኛ ራሱ አይደጋግምም፤ ሌላ ሰው ይልካል እንጂ። ሲልክ ደግሞ ዋጋህን አብሮ ይነግረዋል። «በ800 ብር ሠርቶልኛል» ተብሎ የመጣውን ሰው 1,600 ብትለው ሌባ ትባላለህ። ግማሽ ዋጋ ስድስት ወር ብቻ አይቆይም፤ ዓመታት ይከተልሃል።

ለጀማሪ የምመክረው ሌላ ነው። ዋጋውን ሙሉ አድርገህ፣ የመጀመሪያውን ምክር ነጻ አድርገው፤ 20 ደቂቃ፣ በሰዓት የተቆረጠ። በዚያ 20 ደቂቃ ሰውየው ምን ሰነድ እንደሚጎድለው ትነግረዋለህ፣ የሚጻፍ ነገር ግን አትጽፍም። ወደ ጽሕፈት ስትገባ ዋጋው ይጀምራል። ይህ ለአንተም መልመጃ ነው፤ ለሰውየውም እምነት።

ከቡሬ

የነጻዋ 20 ደቂቃ ትስማማኛለች። ግማሽ ዋጋውንም ቢሆን በጽሑፍ «እስከ መስከረም» ብሎ ቀን ቢቆርጥለት ያን ያህል አይጎዳም ብዬ ነው እንጂ፣ ስለ ደንበኛው አለመመላለስ ያልከው እውነት ነው።

ጀማሪ ጠበቃ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እማኝ እህቴ፣ ጋሼ ባለ ዶሴ፣ ከቡሬ። ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ገዢና ሻጭ አብረው ሲመጡ ከማን ነው የምቀበለው? ሁለተኛ፣ «በ2 ሚሊዮን ተሸጧል፣ ውሉ ላይ ግን 600 ሺህ ብለህ ጻፍ» የሚሉ እንደሚመጡ እየሰማሁ ነው። ሦስተኛ፣ ዘመድና የእውነት ድሃ የሆነ ሰው ሲመጣስ?

የጮቄ ልጅ

በቅደም ተከተል ልመልስ።

ከማን ትቀበላለህ? ከጠራህ ሰው። የምታገለግለው ገዢውን ነው ወይስ ሻጩን፣ ወይስ ሁለቱን በስምምነታቸው፣ ብዕር ከማንሳትህ በፊት በአንድ ገጽ የአገልግሎት ውል ላይ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። ሁለቱን ከሆነ ክፍያው እኩል ለእኩል ይሁን፣ አለዚያ የከፈለው ወገን «የእኔ ጠበቃ ነህ» ማለቱ አይቀርም። በመካከላቸው ክርክር ከተነሳ ለአንዳቸውም እንደማትቆምም እዚያው ግለጽ። በዚሁ ገጽ ላይ የሚከተሉት ይግቡ፦ የሚዘጋጀው ሰነድ፣ የቅጂ ብዛት፣ ክፍያው፣ መቼ እንደሚከፈል፣ የመንግሥት ክፍያና ቴምብር ቀረጥ በደንበኛው መሆኑ፣ የእርማት ደንቡ። የእርማቱን ነገር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዝግጅቱን አክሳሪ የሚያደርገውም እሱ ነው። እንዲህ አድርገው፦ በአንተ ስሕተት የተመለሰ ሰነድ በነጻ ይታረማል፤ ደንበኛው ያልነገረህ ነገር ወጥቶ ወይም ሐሳባቸውን ቀይረው ከሆነ የመጀመሪያው ነጻ፣ ከዚያ በኋላ በሰዓት።

ግማሹን ስትጀምር፣ ግማሹን ረቂቁ ተነቦ ሲያልቅ ተቀበል። ማለትም ወደ መመዝገቢያው ከመሄዳችሁ በፊት። ከተመዘገበ በኋላ ገዢው ወደ ባንክ፣ ሻጩ ወደ መናኸሪያ ይሮጣል፤ አንተ መንገድ ላይ ቆመህ ትቀራለህ። ደረሰኝ ሁልጊዜ ቁረጥ። ድርጅት ሲከፍልህ ቅድመ ግብር ቀንሶ ከያዘብህ የመያዣ ደረሰኙን ተቀበልና ፋይል አድርግ፣ በዓመቱ ከግብርህ ላይ የሚታሰብልህ እሱ ነው።

የመንግሥቱን ክፍያና የአንተን ክፍያ በአንድ ድምር አትጥራ። «ሁሉም 3,000» ካልክ ቴምብሩም ያንተ ኪስ የገባ ይመስለዋል። ሁለት መስመር አድርገህ ጻፍለት፤ የመንግሥቱን ራሱ ቆጥሮ ራሱ ይክፈል።

ዋጋ አሳንሶ መጻፍ። አትጻፍ፣ በምንም ክፍያ። ግብር መደበቅ መሆኑ አንድ ነው፤ ግን ለደንበኛው በሚገባው መንገድ አስረዳው። ገዢው 2 ሚሊዮን ከፍሎ 600 ሺህ ቢያጽፍና ውሉ ነገ ቢፈርስ፣ በሰነድ አስረድቶ የሚያስመልሰው 600 ሺህ ነው። 1.4 ሚሊዮኑን በምን ያስረዳል? ይህን በወረቀት ላይ ቀንሰህ አሳየው። ብዙዎቹ እዚያው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፤ የማይቀይሩት ይሂዱ። በዚሁ ላይ የገጠር መሬትን ነገር ጠንቀቅ በል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሽያጩን «ብድር» ወይም «ወለድ አገድ» (አበዳሪው በወለዱ ፈንታ መሬቱን ይዞ የሚጠቀምበት) ብለህ አልብሰህ እንድትጽፍ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ከውሉ በታች የእጅህ ሥራ አለ፣ ፈቃድህ አለ። የመሬት ኪራይ ከሆነ ግን ንጹሕ ሥራ ነው፤ የይዞታ ደብተሩን አይተህ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ተስማምተው መፈረማቸውን አረጋግጠህ፣ ወረዳው መሬት አስተዳደር እንዲመዘገብ አድርገህ ሥራ።

ባልና ሚስትን ካነሳን፣ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። «ባለቤቴ ታማለች፣ በኋላ ትፈርማለች» ሲሉህ ውሉን አትጀምር። ያላገባ ከሆነም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ይምጣ። ሰነድ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህና የስም አለመግጠም ነው፤ ካርታው ላይ «ወልደ ሥላሴ»፣ መታወቂያው ላይ «ወልዴ»፤ ወይም የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። መታወቂያው ጊዜው አልፎ፣ የምስክሩ መታወቂያ ቀርቶ፣ ንብረቱ ላይ እግድ ወይም የባንክ ዕዳ መኖሩ ሳይጣራ መሄድም እንዲሁ።

እንግዲህ ማስታወቂያህ የሚወጣው ከዚሁ ነው። ሰው ከቤቱ ሲነሳ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት የሚነግረው የለም። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ፣ ፊደሉ ደመቅ ብሎ፣ «ቤት ለመሸጥ የሚያስፈልጉ» ብለህ ስድስት ሰባት ነገር ዘርዝር፤ ለውክልና ሌላ፣ ለኑዛዜ ሌላ። ከታች ስምህ፣ ፈቃድህ፣ የቢሮህ ቦታና ስልክህ። 500 ቅጂ አባዝተህ ለእድር ዳኞች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ጸሐፊዎች፣ ለቀበሌ፣ ለኮፒ ቤቶች ስጥ። ወረቀቱን የሚያነበው የተማረው ልጅ ነው፤ የሚሰማው አባቱ ነው። ስለዚህ ቃሉ በቃል ሊነገር የሚችል ይሁን። ወረቀቱ ላይ «ርካሽ»፣ «ፈጣን»፣ «እናስጨርሳለን» የሚል ቃል አይግባ። «እናስጨርሳለን» በተለይ ከውስጥ ሰው ጋር ያለህ ያስመስላል። ውጤት ቃል መግባትና ከሌላ ጠበቃ ጋር ማወዳደር ከሥነ ምግባር ደንቡም ጋር ያጋጭሃል። ከመታተሙ በፊት የክልሉን ደንብ የማስታወቂያ ክፍል አንብበህ ቃሉን ከሱ ጋር አመሳክር።

ለደላላ ኮሚሽን አትክፈል። ደላላው የሚፈልገው ሽያጩ እንዲያልቅ ነው፤ አንተ ደግሞ ችግር ስታይ የምታስቆመው ሰው ነህ። ኮሚሽን ከከፈልከው «ይኸ ጠበቃ ያበላሽብኛል» ሲል ሌላ ጋ ይወስዳቸዋል፣ አንተም ዝም ማለት ትለምዳለህ። ከራፖር ጸሐፊዎቹ ጋር ግን አትጣላ፤ ክፍያ አትካፈል፣ ሥራቸውንም አታጣጥል። የከበደባቸውን ወደ አንተ የሚልኩት ሲያከብሩህ ነው።

ጊዜውን ከአገሩ ኑሮ ጋር አስማማ። ሰብል ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ የሚገባው ከታኅሣሥ በኋላ ነው፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ ሽያጩም፣ ብድሩም፣ የጋብቻ ውሉም ይበዛል። የመሬት ኪራይ ከእርሻ በፊት፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው የሚጻፈው። ሐምሌና ነሐሴ ገጠሩ በጭቃና በእርሻ ስለሚያዝ ቢሮህ ይቀዘቅዛል። ባለ ዶሴ ያወጡትን የ90 ሰዓት ስሌት በዓመት አማካይ አድርገህ ውሰደው፤ በክረምቱ አራት ወራት በወር 50 ብታገኝ በቀሩት ስምንት ወራት በወር 110 መሥራት ይኖርብሃል፤ የበጋውን ትርፍ ለክረምቱ ኪራይ አስቀምጥ። ክረምቱን ለከተማው ሥራ አድርገው፤ የድርጅት የቅጥር ውሎች፣ የማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ፣ የሱቅ ኪራይ ውል እድሳት። ለእነዚህ በወር የተቆረጠ ክፍያ ይሻላል፤ ለምሳሌ በወር አራት ሰዓት በ1,600 ብር፣ ያልተጠቀሙበት ወደሚቀጥለው ወር የማይተላለፍ። በገበያ ቀን ማለዳ ክፈት፤ ከጎዛምንና ከአነደድ የሚመጣው ሰው ከሸጠ በኋላ ሳይሆን ሳይሸጥ በፊት ነው ጉዳዩን የሚጨርሰው፣ ከሰዓት መኪናው ይሄድበታላ።

ድሃና ዘመድ። አትቀላቅላቸው። የእውነት ለሌለው ሰው በነጻ ሥራ፤ በፌደራሉ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እንኳ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ተደንግጎ ነበር። 50 ሰዓት በወር ወደ አራት ሰዓት ነው፤ በስሌትህ ውስጥ አስገባው። ነጻ የሠራኸው ሰነድ ላይም ጥራቱ እኩል ይሁን፣ ደረሰኙም «በነጻ» ተብሎ ይቆረጥ። ለዘመድ ግን ግማሽ ዋጋ የሚባል ነገር አታስለምድ። ወይ ሙሉውን ይክፈል፣ ወይ የሠርጉ ስጦታ ይሁንለት። ግማሽ የከፈለ ዘመድ ሰነዱን እንደ ውለታ ቆጥሮ መታወቂያውን ሳያመጣ አምስት ጊዜ ያመላልስሃል።

እማኝ

የእርቅ ስምምነት ብለህ ጠይቀህ ነበር፣ ማንም አልነካውም። ጎጃም ላይ ከሁሉ የሚበዛው ሥራ እሱ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎች ጨርሰው ይመጣሉ፣ አንተ ታሠፍራለህ። ዋጋው ትንሽ ይሁን፣ ግን ሽማግሌዎቹ በሌሉበት አትጻፍ፤ አንዱ ወገን «እንዲህ አልተባለም» ሲል መልስ የሚኖራቸው እነሱ ናቸው። ማን ምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ እንደሚሰጥ በቀን ቆርጠህ ጻፍ፤ «ተስማምተው ተለያዩ» የሚል ወረቀት ለማስፈጸም አይሆንም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ላይ ከሆነ ስምምነቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 274 እና ተከታዮቹ መሠረት ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይመዝገብ።

ጀማሪ ጠበቃ

ሁሉንም ይዣለሁ። አንዲት የመጨረሻ፦ የሠራኋቸውን ሰነዶች እስከ መቼ ላስቀምጥ?

ባለ ዶሴ

የውል ክስ ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845)። ስለዚህ ቢያንስ ከዚያ በታች አታስወግድ፤ ኑዛዜን ደግሞ ተናዛዡ እስካለና ውርሱ እስኪጣራ አቆይ። አንድ ትልቅ መዝገብ ግዛ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የተዋዋዮች ስም፣ የሰነዱ ዓይነት፣ የምዝገባ ቁጥር፣ ክፍያ፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የፈጀው ደቂቃ። የአገልግሎት ውሉን፣ የመታወቂያዎቹን ኮፒና የተመዘገበውን ቅጂ በዚያው ተራ ቁጥር ፋይል አድርግ። የደቂቃዋን ዓምድ እንዳትዘላት። በሦስተኛው ወር ቁጭ ብለህ ስትደምራት፣ እኔ 240 ያልኩህ የቤት ሽያጭ ያንተ እጅ ላይ 300 ሆኖ ካገኘኸው በ400 ብር ሰዓት 2,000 ብር ይሆናል፤ ግድግዳህ ላይ የለጠፍከውን ዋጋ ያን ቀን ቀይረው።